«ትልቁን ጫን» አያዋጣም፦ ስለ ሳምፕለር ድምፅ ዝግጅት ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

ያለ ኮምፒውተር በሚሠሩ ሳምፕለሮች (የተቀረጸ ድምፅ ተጭኖባቸው እንደ ሙዚቃ መሣሪያ በሚመቱ ማሽኖች) ላይ ድምፅ ስለ መጫን የተጻፈ አንድ የአማርኛ መመሪያ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ነበር። በዚህ ጉዳይ በቋንቋችን የሚጻፈው ከቁጥር የማይገባ በመሆኑ ጸሐፊው ብዕር ማንሣታቸው ብቻ ያስመሰግናቸዋል። ምክራቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ሁሉንም ፋይል 24 ቢት 96 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ አድርጉ፤ እያንዳንዱን እስከ ዜሮ ዲሲቤል ኖርማላይዝ አድርጉ፣ ማለትም ጫፉን እስከ መጨረሻው ጣራ ሳቡት፤ ኤምፒስሪ ካላችሁ ጥራቱ እንዲመለስ ወደ ዌቭ ቀይሩት፣ ዌቭ ዌቭ ነው፤ ከድምፁ መነሻ በፊት 50 ሚሊሰከንድ ጸጥታ ተዉ፤ ቴምፖውን ማሽኑ ራሱ ያግኘው፤ ከአንድ መሣሪያ አንድ ኖታ ቀርጻችሁ ቃናውን እያወጣችሁና እያወረዳችሁ በፓዶቹ (በጣት በሚመቱት የማሽኑ ቁልፎች) ላይ ዘርጉት፤ ቦታ ካነሰ ሸክላውን አፍጥናችሁ በ45 ዙር አጫውታችሁ ቅረጹና 5 ሰሚቶን አውርዱት (ሰሚቶን በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው)፤ የፋይሉ ስምና የካርዱ ዓይነት አያሳስባችሁ።

የአብዛኛው ስሕተት ምንጭ አንድ ይመስለናል። ጸሐፊው ሳምፕለሩን ያለቀ ዘፈን እንደሚያጫውት መሣሪያ ቆጥረውታል፤ ስለዚህ በሁሉም ነገር ትልቁን ቁጥር ይመርጣሉ። ሳምፕለር ግን የተሰጠውን ድምፅ ያፈጥናል፣ ያዘገያል፣ ይቆራርጣል፣ ይደርባል፣ ደጋግሞ ያዞራል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በተወሰነ ሜሞሪና በራሱ ሳምፕል ሬት ነው። ሳምፕል ሬት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ነው፣ በኪሎኸርዝ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ልኬት ሳምፕል ይባላል፣ ቢት ደግሞ የልኬቱ ጥራት ነው። ፋይል የሚዘጋጀው ለዚያ ለአንዱ ማሽን ነው።

ከ24 ቢት 96 ኪሎኸርዝ እንጀምር። አንድ ሰከንድ ሞኖ ድምፅ በ16 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ 88,200 ባይት ይይዛል። ያው አንድ ሰከንድ ጸሐፊው ባሉት ልክ፣ ስቴሪዮ ሆኖ፣ 576,000 ባይት ነው፤ ስድስት ተኩል እጥፍ። አሁን ማሽኖቹን እንይ። አካይ ኤምፒሲ 2000 ኤክስኤል ሜሞሪው ጢም ብሎ ሲሞላ 32 ሜጋባይት ነው፤ በ16 ቢት 44.1 ሞኖ ከስድስት ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። የመጀመሪያው ኤሌክትሮን ዲጂታክት ለአንድ ፕሮጀክት 64 ሜጋባይት ይሰጣል፣ የሚሠራውም በ16 ቢት 48 ኪሎኸርዝ ሞኖ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኮርግ ቮልካ ሳምፕል 4 ሜጋባይት አለው፤ በ31.25 ኪሎኸርዝ ጠቅላላው 65 ሰከንድ ነው። ሮላንድ ኤስፒ-404 ማርክ 2 በ48 ኪሎኸርዝ 16 ቢት ይሠራል፤ ከበሮ መቺዎች መድረክ ላይ የሚያቆሙት ኤስፒዲ-ኤስኤክስ ደግሞ በ44.1። ከእነዚህ ለአንዱም 96 ኪሎኸርዝ ቢሰጡት 96 ሆኖ አያጫውተውም። ወይ ማሽኑ ወይም የማስተላለፊያ ፕሮግራሙ ወደ ራሱ ልክ ያወርደዋል፣ ወይ «አላነብም» ይላል።

ሦስተኛ ዕድልም አለ፤ እሱ ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። አንዳንድ የቆዩ ማሽኖች ፋይሉን ሳይቀይሩ በራሳቸው ሬት ያጫውቱታል። የ48 ኪሎኸርዝ ፋይል በ44.1 ሲጫወት በ8 ከመቶ ይዘገያል፣ ቃናውም አንድ ሰሚቶን ተኩል ገደማ ይወርዳል። «ክራሩ ማሽኑ ላይ ሲገባ ቅኝቱ ወረደ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ፋይሉ በስንት ኪሎኸርዝ እንደ ተቀመጠ ነው።

የጸሐፊው ነጥብ በከፊል ትክክል የሚሆነው ስለ ቀረጻው ሲሆን ብቻ ነው። በ24 ቢት መቅረጽና ዋናውን በዚያው ልክ አስቀምጦ መያዝ ተገቢ ነው፤ በቀረጻ ጊዜ ደረጃውን ዝቅ አድርጎ በሰላም ለመሥራት ቦታ ይሰጣል። 96 ኪሎኸርዝም ጥቅም የሚሰጠው ድምፁን ኮምፒውተር ላይ በኃይል ለማዘግየት ሲታሰብ ነው፦ አንድ ኦክታቭ ሲወርድ በ30 ኪሎኸርዝ የነበረው 15 ላይ ይመጣል፤ ማይክሮፎኑ እዚያ ድረስ የሚሰማ ከሆነ ማለት ነው። ወደ ማሽኑ የሚሄደው ቅጂ ግን ሌላ ነው። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ መቁረጥ፣ ቅኝት ማስተካከልና ደረጃ ማውጣት በ24 ቢት ወይም በ32 ቢት ፍሎት (ኮምፒውተር ላይ ለማረም በሚመች፣ በነጥብ ቁጥር በሚጻፍ ልክ) ይሠራል፤ ከዚያ ሳምፕል ሬቱ ወደ ማሽኑ ልክ ይወርዳል፤ ከዚያ ጫፎቹ አንድ ጊዜ ይታያሉ፤ በመጨረሻ ወደ 16 ቢት ይወርዳል፣ ዲተር የሚጨመረውም እዚህ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዲተር ቢት ሲቀነስ የሚጨመር እጅግ ደካማ ጫጫታ ነው፤ ካልተጨመረ ቀስ እያለ የሚጠፋ የክራር ንዝረት መጨረሻው ላይ ይንኮሻኮሻል። በየመሐሉ ወደ 16 ቢት እያስቀመጡ መልሶ መክፈት ግን ያንን ጫጫታ በላይ በላዩ መደራረብ ነው።

«ዌቭ ዌቭ ነው» የሚለው አስተያየታቸውም ችግር አለው። ዌቭ መያዣ ነው፤ ውስጡ 16 ቢት ተራ ፒሲኤም (በሙሉ ቁጥር የተጻፈ ያልተጨመቀ ድምፅ)፣ 32 ቢት ፍሎት፣ ወይም ኤክስቴንሲብል የሚባለው አጻጻፍ ሊኖር ይችላል። ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም በነባሪነት የሚሠራው በ32 ቢት ፍሎት ነው፤ ሲላክ «16 ቢት ፒሲኤም» መመረጡ ካልታየ ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ በደንብ እየተሰማ አንዳንድ ሳምፕለር ላይ ዝም ሊል ወይም ጫጫታ ብቻ ሊወጣው ይችላል። የዘፋኝ ስም፣ የቀረጻ ቀን የመሳሰሉ ማስታወሻዎችም ከድምፁ በፊት በፋይሉ ውስጥ ሊሰፍሩ ይችላሉ፤ ድምፁ ከ44ኛው ባይት በኋላ ወዲያው ይጀምራል ብለው የሚያስቡ የቆዩ ማሽኖች ይህን ማስታወሻ እንደ ድምፅ ያጫውቱታል፣ መነሻው ላይ «ጭርር» የሚል ነገር ይሰማል። ሲላክ የማስታወሻ ሣጥኖቹን ባዶ ማድረግ ይበቃል።

ኤምፒስሪን ወደ ዌቭ መቀየር ጥራት ይመልሳል የሚለው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ፋይል ከ16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን አስቀድሞ ጥሎታል፤ ፋይሉ ይተልቃል እንጂ የተጣለው አይመለስም። በጥራቱ ላይ ሰው ሊከራከር ይችላል፤ ለሳምፕለር የባሰው ግን ርዝመቱ ነው። ኤምፒስሪ ድምፁን በ1,152 ሳምፕል ክፍልፋዮች ይሰፍራል፤ መጨመቂያውና መፍቻው መነሻው ላይ ተጨማሪ ጸጥታ ያስገባሉ፤ ሌም (LAME) በሚባለው የታወቀ መጨመቂያ ይህ ሲደመር 1,105 ሳምፕል፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ 25 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ይህን ከፋይሉ ውስጥ አንብቦ ይቆርጠዋል፣ አንዳንዱ አይቆርጥም። በሚገባ የተቆረጠ ሉፕ (ያለማቋረጥ እየዞረ የሚጫወት ቁራጭ) ኤምፒስሪ ሆኖ ተመልሶ ሲመጣ በየዙሩ የሚደናቀፈው በዚህ ምክንያት ነው። ከኤምፒስሪ ሌላ ምንጭ ከሌለ መጀመሪያ ወደ ዌቭ ይፈታል፣ ከዚያ ሉፑ እንደ አዲስ ይቆረጣል፤ ቀድሞ የተቆረጠውን አምኖ መጫን አይቻልም።

ስቴሪዮን በተመለከተ፣ ከበሮን በሁለት ማይክሮፎን ቀርጾ ዲጂታክት ላይ የጫነ ሰው «ከበሮው ቀጠነ» ሲል ይሰማል። ማሽኑ ሞኖ ስለሆነ ሁለቱ ወገኖች ተደምረዋል። ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ማይክሮፎን ከሌላው ይልቅ ከከበሮው ቆዳ በዚህ ያህል የራቀ ከሆነ ሁለቱ ሲደመሩ 500፣ 1,500፣ 2,500 ኸርዝ ላይ እርስ በርሳቸው እየተጠፋፉ ይሄዳሉ። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ከሁለቱ ወገን የተሻለውን መርጦ ሌላውን መጣል፣ ወይም የዘገየውን ወደ ፊት ስቦ ከሌላው ጋር ማስተካከል። መጀመሪያውኑ ለአንድ ምት፣ ለባስ፣ ለድምፃዊ ቁራጭ ሞኖ ይበቃል፤ ስፋት የሚያስፈልገው ለጭብጨባ፣ ለእልልታና ለክፍሉ ድባብ ነው።

አሁን ወደ ኖርማላይዝ፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። ከበሮ በሰፊው አፉ ላይ በቀስታ፣ በመካከለኛና በኃይል ተመቶ ተቀረጸ እንበል። የኃይለኛው ምት ጫፍ ከዜሮ በታች 4 ዲሲቤል፣ የመካከለኛው 11፣ የቀስታው 20 ላይ ነው። እንደ ጸሐፊው ምክር እያንዳንዱ ለብቻው ዜሮ ድረስ ከተሳበ ለቀስታው ምት 20 ዲሲቤል ይጨመራል፤ አብሮት የክፍሉ ጫጫታና የመቅረጫው ሽሽታም 20 ዲሲቤል ይነሣል። ፓዱን ለስለስ አድርጎ የነካ ሰው የሚሰማው ከኃይለኛው ጋር እኩል የሚጮህ፣ ግን የደነዘዘና የሚንሿሿ ምት ነው። ከበሮ መቺው በእጁ ያመጣው ልዩነት ጠፋ ማለት ነው።

ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ይያዛሉ። ኃይለኛው ከዜሮ በታች 3 ላይ እንዲቆም ከተፈለገ ለሦስቱም 1 ዲሲቤል ብቻ ተጨምሮ 3፣ 10፣ 19 ላይ ይቀመጣሉ። ኦዳሲቲ ላይ ሦስቱን ትራክ አንድ ላይ መርጦ «ኖርማላይዝ» ማለት እያንዳንዱን ለብቻው ይስባል፤ «አምፕሊፋይ» ግን ለተመረጡት ሁሉ እኩል ይጨምራል። መነካት ያለበት ሁለተኛው ነው።

ዜሮ ድረስ መሙላት ሌላም ጣጣ አለው። ሳምፕል ሬቱ ሲቀየር ጫፎቹ በጥቂቱ ከፍ ሊሉ ስለሚችሉ ቦታ ካልተተወ ይቆረጣሉ። ሁለት ሙሉ ደረጃ ያላቸው ተመሳሳይ ድምፆች በአንድ ቅጽበት ሲጫወቱ ድምሩ 6 ዲሲቤል ከፍ ይላል፤ ከበሮ፣ ጭብጨባና ባስ አንድ ላይ ሲወድቁ የማሽኑ መውጫ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው፣ ሰውም «ማሽኑ ደካማ ነው» ይላል። ለአንድ ምት ከ3 እስከ 6 ዲሲቤል ቦታ መተው ይበቃል። ልዩነቱ ያለው ባለ 12 ቢት ማሽን ላይ ነው። በ1987 የወጣው ኢ-ሚዩ ኤስፒ-1200 ከጫጫታው ወለል እስከ ጫፉ 72 ዲሲቤል ያህል ብቻ ስላለው ድምፁን ሞቅ አድርጎ ማስገባት ትክክል ነው። ጸሐፊው ስለ እሱ ብቻ ቢጽፉ ኖሮ በዚህ ነጥብ ባልተከራከርን።

መነሻው ላይ 50 ሚሊሰከንድ ጸጥታ ይተው የተባለው «ቅጭ» የሚለውን ድምፅ ለማስቀረት ነው። ቅጭታው ግን የሚመጣው ድምፁ ከዜሮ መሥመር ርቆ በድንገት ሲጀምር ነው፤ ጸጥታ ተጨምሮበትም ዝላዩ እዚያው ይቀራል። ጉዳቱን በችክችካ እንለካው። በ6/8 ሲቆጠር በአንድ ባር ሁለት ዋና ምቶች አሉ፣ እያንዳንዱ ሦስት ስምንተኛዎች ይይዛል። በደቂቃ 126 ዋና ምት ከሆነ አንዱ ምት 476 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ስምንተኛ 159 ሚሊሰከንድ ነው። 50 ሚሊሰከንድ የዘገየ ጭብጨባ የስምንተኛውን ሲሶ ያህል ወደ ኋላ ይወድቃል። ችክችካን እንዲህ ጎትቶ የሚያስጨፍር ሰው ይኖር ይሆን?

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ሞገዱ ነጠብጣብ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ይጎላል። ከዜሮ መሥመር መነሣት የጀመረበት ነጥብ ይፈለጋል፤ ከዚያ 1 ሚሊሰከንድ፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ 44 ሳምፕል፣ ወደ ኋላ ይኬዳል። ኦዳሲቲ ላይ የዜድ ቁልፍ ምርጫውን በአቅራቢያው ወዳለው የዜሮ መሻገሪያ ያመጣዋል። ከዚያ በፊት ያለው ይጣላል፣ በቀረችው 1 ሚሊሰከንድ ላይ ፌድ ኢን (ከዝምታ ቀስ ብሎ መነሣት) ይደረጋል። መጨረሻው ላይ ለደረቅ ምት ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ፌድ አውት (ቀስ ብሎ መክሰም) ይበቃል፤ ለክራር ግን ንዝረቱ እስኪከስም ረዘም ይላል። መሰንቆ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ቃናው ከመጥራቱ በፊት የሚሰማው የደጋኑ ጭረት የድምፁ አካል ነው፣ እሱን የቆረጠ ሰው መሰንቆውን ወደ ርካሽ ኪቦርድ ይለውጠዋል።

«ቴምፖውን ማሽኑ ያግኘው» የሚለው ለ4/4 ሉፕ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ለችክችካ አይሠራም፣ ምክንያቱም ያው ሉፕ በሦስት መንገድ ሊቆጠር ይችላል፦ ዋናው ምት ከተቆጠረ 126፣ ሩብ ኖታ ከተቆጠረ 189፣ የእሱ ግማሽ ከተቆጠረ 94.5። ማሽኑ 94.5 ብሎ ከመዘገበውና ፕሮጀክቱ በ126 ከሆነ ሲንክ (ሉፑን ከፕሮጀክቱ ቴምፖ ጋር የሚያስተካክለው) ሲበራ ሉፑ በሲሶ ይፈጥናል። ስለዚህ ርዝመቱ በስሌት ይወጣል፤ 60 ለቴምፖው ተካፍሎ በምቶቹ ብዛትና በሳምፕል ሬቱ ይባዛል። በ126 አንድ ባር በ44.1 ኪሎኸርዝ ልክ 42,000 ሳምፕል ነው፣ አራት ባር 168,000። በ48 ኪሎኸርዝ አራቱ ባር 182,857 ላይ ይጠጋጋል፤ የቀረችው ሽራፊ በጆሮ አትሰማም። ማሽኑ በ4/4 ብቻ የሚያስብ ከሆነ ቴምፖው 126 ተብሎ በእጅ ይሰጠዋል፣ ኳንታይዙ (ምቶችን ወደ ትክክለኛ ቦታቸው የሚስበው) ስምንተኛ ትሪፕሌት (አንዱን ምት ለሦስት የሚከፍለው) ላይ ይደረጋል፤ አራቱ የ6/8 ባሮች በማሽኑ ቆጠራ ሁለት ባር ሆነው ይገባሉ። በሰው እጅ የተመታ ከበሮ ከሆነ ርዝመቱ ከስሌቱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ሊለይ ይችላል፤ መጨረሻው እንጂ ውስጡ አይነካ።

አንድ ኖታ ቀርጾ በፓዶቹ ላይ መዘርጋት ከተቀነባበረ ድምፅ ጋር ያስኬድ ይሆናል። ክራር ላይ ግን ከመነሻው 7 ሰሚቶን ወደ ላይ ሲወጣ የድምፁ ርዝመት ወደ ሁለት ሦስተኛ ያጥራል፣ የጣቱ ንኪም ሾሎ ሌላ መሣሪያ ይመስላል። ከ2 ወይም 3 ሰሚቶን በላይ ወደ የትኛውም ወገን ባይኬድ ይመረጣል። ባለ ስድስት ክር ክራር እያንዳንዱ ክር በሦስት ጥንካሬ፣ እያንዳንዱ ፋይል 3 ሰከንድ ሆኖ ቢቀረጽ 18 ፋይል፣ 54 ሰከንድ ይሆናል፤ በ16 ቢት 44.1 ሞኖ 4.8 ሜጋባይት ገደማ። ዲጂታክት ላይ ምንም አይደለም። ቮልካ ላይ ግን ከ65ቱ ሰከንድ 11 ብቻ ይቀራል፤ እዚያ ሁለት ጥንካሬ ወስዶ ጅራቱን 2 ሰከንድ ላይ መቁረጥ ይሻላል፣ 24 ሰከንድ ብቻ ይይዛል። ቅኝቱን በተመለከተ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ ወደ ፒያኖ ልክ ማረም አያስፈልግም። ክራሩ ለትዝታ ወይም ለባቲ በጆሮ የተቃኘ ነው፣ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት የዚያ ቅኝት ነው። መነሻው ክር ከባንዱ ጋር ስንት ሴንት (የሰሚቶን መቶኛ) እንደሚለያይ ይለካና ያው ቁጥር ለሁሉም ፋይል ሳምፕለሩ ላይ በቲዩን ይሰጣል።

ድምፁ ቶሎ አልፎ ቦታ እንዲቆጥብ ሸክላ በ45 አጫውቶ መቅረጽ የኤስፒ-1200 ዘመን ብልሃት ነው፤ ያ ማሽን ጠቅላላው 10 ሰከንድ ብቻ ስለነበረው ሰው ተገዶ ነው የፈጠረው። በመጀመሪያ ከ33 ከሲሶ ወደ 45 ሲኬድ ልዩነቱ 5 ሳይሆን 5.2 ሰሚቶን ነው፤ 5 ብቻ ከወረደ 20 ሴንት ይተርፋል፣ ከኪቦርድ ጋር ሲደረብ ይሰማል። ሁለተኛ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ገበያ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሸክላ በአብዛኛው ራሱ ባለ 45 ዙር ትንሿ ሸክላ ነው፤ ከ45 ወደ 45 ምን ይፈጥናል? በ78 የሚያጫውት መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ 9.5 ሰሚቶን ነው። ኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱን መጨመር ይቀላል። ዋጋውም ይታወቅ፦ በ1.35 እጥፍ ፍጥነት ቦታው በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ቮልካ ላይ ግን ከመጀመሪያው ድምፅ 11.6 ኪሎኸርዝ በላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ለባስና ለከበሮ ግድ የለም፣ ለጸናጽል ግን ሞት ነው።

ስም ላይ አንዘገይም። የግዕዝ ፊደል በአብዛኞቹ ሳምፕለሮች ማሳያ ላይ አይወጣም፤ በላቲን ፊደልና በአኃዝ፣ አጠር ተደርጎ፣ የሚለየው ነገር መጀመሪያ ላይ ይጻፍ። ተራ ቁጥሩ 01፣ 02 ተብሎ ይሁን፤ አለዚያ 10ኛው ከ2ኛው ቀድሞ ይሰለፋል። ከማክ የተገለበጠ ካርድ ላይ በነጥብና በሥርዝ የሚጀምሩ ድብቅ ፋይሎች አብረው ይመጣሉ፤ ሳምፕለሩ እንደ ድምፅ ይዘረዝራቸዋል፣ ሲነኩ ስሕተት ያሳያል፣ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ሳይወጣ መጥረግ ነው።

ካርዱ «ምንም ይሁን» የሚባል አይደለም። 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ካርዶች ከፋብሪካ የሚመጡት ኤክስፋት በተባለው የፋይል አደረጃጀት ነው፤ ብዙ ሳምፕለሮች የሚያውቁት ፋት 32ን ነው፣ ኤስፒ-404 ማርክ 2ም ባለ 32 ጊጋ ካርድ ይበቃዋል። ፎርማት በኮምፒውተር ሳይሆን በማሽኑ ራሱ ላይ ይደረግ፤ የሚያስፈልጉትን ፎልደሮችም አብሮ ይፈጥራል። ውጪው 64 ተብሎ ተጽፎ ውስጡ 8 የሆነ ካርድም ገበያ ላይ ሞልቷል፤ መጀመሪያ የገቡት ፋይሎች በደንብ ይጫወታሉ፣ በኋላ የገቡት ባዶ ወይም የተሰባበሩ ይሆናሉ፣ ሰውም ፋይሉን ሲወቅስ ይከርማል። አዲስ ካርድ ሲገዛ ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው ወይም ኤፍ-ስሪ በተባሉት ፕሮግራሞች ከዳር እስከ ዳር አጽፎ ማስነበብ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ ፎርማት አድርጎ ድምፁን መጫን ነው።